ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ሀብሩ

«አንቺ ልጅ፣ የምትሄጂው ለጠርሙሱ ነው ወይስ ለሰውየው?»

እትዬ ብርቄ ይህን ያሉኝ ፊት ለፊት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እያለ። ወልድያ ላይ ለስላሳና ቢራ የሚያከፋፍሉ ሴት ናቸው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ጀምሮ እሳቸው ጋ ነው የምሠራው።

«ለጠርሙሱ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሙሉውን ይዘሽ ነይ። አንድ ቢጎድል በአንቺ ዋስትና ዳግመኛ ዕቃ አላወጣም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስላሳው ተጠጥቶ ያልቃል፤ ጠርሙሱና ሳጥኑ ግን ተመላሽ ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዞ ያልመጣ ማስያዣ ያስይዛል፣ ማስያዣ የሌለው ዋስ ይጠራል። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሽማግሌ ከሀብሩ ገጠር መጡ። የሰርግ ወቅት ስለሆነ መርሳ ላይ ጠርሙስ ጠፍቷል፤ የወንድማቸውን ልጅ ሊድሩ ነው፤ ሁለት ሳጥን ይፈልጋሉ፤ ወልድያ ላይ የሚያውቃቸው ሰው የለም። እንዲሁ ለወሬ ያህል «ሙሽራው ማን ይባላል?» አልኳቸው። «ሰይድ» አሉኝ። የአባቱን ስም ሲጨምሩበት እስክሪብቶዬ ደረሰኙ ላይ ቆመ። ከዚያ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። አርባ ስምንት ጠርሙስ። ለምን እንደፈረምኩ አትጠይቁኝ።

ሰርጉ አለፈ፣ ጠርሙሱ አልመጣም። እኔም ተነሳሁ።

ወልድያ መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ረዳቱ «መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው!» እያለ አምስት ሰው ጫነ። ሰማንያ ብር ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አንገታቸው በገመድ የታሰረ ባዶ ሃይላንዶች ታቅፋለች፤ ሃያ ይሆናሉ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ይንኳኳሉ።

«ይሄን ሁሉ ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ለዘይት፣ ለማር፣ ለልጅ ወተት። የችግኝ ማፍያም ይሆናል። ከተሜ ስለሚጥለው ነው እንጂ፣ ሃይላንድ እኛ ዘንድ ዕድሜው ረጅም ነው።» ከዚያ እጄን አየች። «የያዝሽውን ስትጨርሺው ለእኔ ነው፤ እንዳትጥይው።»

ግማሽ ውሃ ይቀረው ነበር። ሲሪንቃ እስክንደርስ ዓይኗ ከእጄ አልተነሳም። ቢጨንቀኝ ሳይጠማኝ ጠጥቼ ሰጠኋት። እሷም ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ እፍኝ ቆሎ እጄ ላይ ዘገነችልኝ።

«ተይው፣ ለባዶ ፕላስቲክ!» ብላት፣

«ዕቃ እንዲሁ አይወሰድም፣ እህቴ» ብላኝ ወረደች።

ከሲሪንቃ በኋላ በመስኮት ማየት ነው። መንገዱ በግራም በቀኝም የማሽላ አገዳ የተከመረበት ማሳ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው።

መርሳ የተማርኩት አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ሰይድ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ከላይ ከገጠር ይወርዳል፣ አርብ ከትምህርት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። አርብ አርብ ለዳገቱ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ እሰጠዋለሁ። ሰኞ ሃይላንዱን ሲመልስልኝ ውስጡ ማሾ ነው። አንዳንዴ ጤፍ፣ አንድ ጊዜ ማር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሃይላንድ ባዶውን ወደ እጄ ተመልሶ አያውቅም። አክስቴ «ይሄ ልጅ ሽማግሌ ሳይልክ ማሾውን ጨረሰው» እያለች ትስቅ ነበር። ወልድያ ከገባሁ በኋላም በገበያ ቀን እየመጣ ያንኑ አደረገ።

አንድ ቀን መጥቶ ሃይላንዱን ሰጠኝ። ቀለለኝ። ክዳኑን ከፈትኩት፤ ታጥቦ ደርቋል እንጂ ምንም የለበትም። ሊናገር አፉን ሲከፍት «ገብቶኛል፣ ሂድ» አልኩት። እኛ ዘንድ ባዶ ዕቃ የሚመልስ ሰው ሌላ መናገር አያስፈልገውም። ሄደ። ሦስት ዓመት ሆነው።

እትዬ ብርቄ አልተሳሳቱም። አንዲት ነገር ልጠይቀው ነው የሄድኩት፤ ለምን ባዶውን?

መርሳ፣ ሦስት ሰዓት

መርሳ ሙቀቷ አልተለወጠም። ማንጎ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል፤ ኪሎውን ስልሳ ብር ብለውኝ በሃምሳ ወሰድኩ። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት አጥር ተከትዬ ሄድኩ። አርብ አርብ የምንቆምበት የዋርካ ጥላ አሁን የባጃጅ ማቆሚያ ሆኗል። ጺሙን ያሳደገ አንድ ሾፌር እነሰይድ መንደር ሄጄ ልመለስ ስለው አራት መቶ ጠየቀኝ።

«ለሁለት ሳጥን ባዶ ጠርሙስ አራት መቶ?»

«እኔ የምጭነው ሰው ነው፣ ጠርሙሱ ያንቺ ጉዳይ ነው» አለኝ። ከሰዓት ተመልሶ ሊወስደኝ በሦስት መቶ ሃምሳ ተስማማን።

መንገዱ ጠጠር ነው። ከዋናው አስፋልት ከወጣን በኋላ የመስኖ ቦይ ይከተለናል፤ ሽንኩርት፣ ፓፓያ፣ ሽንኩርት። ከዚያ ዳገት። ሰይድ ይህን ዳገት በእግሩ ይወጣው እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ይህን ያህል አይመስለኝም ነበር።

ከመርሳ በላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል

በር ላይ የተቀበሉኝ የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም ሴት። አይቻቸው አላውቅም።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማማ። ከወልድያ ነው የመጣሁት፤ ለሰርጉ ጠርሙስ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ግቢ ልጄ፣ አብሽሪ፤ ጠርሙስሽ የትም አልሄደም።» ረጅም ጊዜ አዩኝና ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ሉባባ! የወልድያዋ ልጅ መጣች!»

ሉባባ ሙሽራዋ ናት። የእጇ ሂና ገና ጥፍሯ ላይ አለ። ቆንጆ ናት፤ መጥፎ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሰይድን በዓይኔ ፈለግኩት። «ማሳ ውሃ ሊያጠጣ ወርዷል» አለች ሳልጠይቃት።

ሁለቱ ሳጥኖች ጥግ ላይ አሉ። አንደኛው የዶሮ መተኛ ሆኗል። ጠርሙስ አንድም የለም።

«የት አለ?»

«በየቤቱ ነዋ!» አለች ሉባባ እየሳቀች። «ሰርግ የበላ ሁሉ አንድ አንድ ወሰደ። ነይ እንዙር።»

ሦስታችን ጆንያ ይዘን ዞርን። እኔ በወልድያ ቦይ ውስጥ ፕላስቲክ ተወትፎ ጎርፍ ሱቃችን ሲገባ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እዚህ አንድም የተጣለ ነገር አላየሁም። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ዘይት መቅጃ ነው፤ ቂጡ የፓፓያ ችግኝ ይዟል። የሰርጉ ለስላሳ ቆርኪ ሳይቀር በጣሪያ ቆርቆሮ ሚስማር ስር ገብቷል፤ ዝናብ እንዳያሳልፍ። የእኔ ጠርሙሶች ደግሞ አንዱ ኩራዝ ሆኗል፣ አንዱ ጨው ይዟል፣ አንዱ የልጅ መድኃኒት።

አስቸጋሪው ማግኘቱ አልነበረም። ባዶውን የሚሰጠኝ ሰው ጠፋ። የኩራዙን ጠርሙስ ሴትየዋ በአመድ አሽታ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከዚያ ጤፍ ሞልታ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ቤት ማሽላ። ሦስተኛው ቤት ማሾ። አንድ ሽማግሌ ጠርሙሳቸው ውስጥ እህል በጣታቸው እየጠቀጠቁ ጊዜ ፈጁብኝ።

«አባባ፣ እኔ የምፈልገው እኮ ባዶውን ነው!»

«ባዶ የሚፈልግ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ ወደ ሉባባ ዞረው። «ወልድያ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?»

«አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ!» አልኳቸው።

«እሱማ እየታየ ነው።»

ሉባባ ወገቧን ይዛ ሳቀች። እውነቴን ነው፣ እኔም ሳቅሁ። «የሰርግ ጠርሙስ ባዶውን ከመለሱት ለሙሽሪት ጥሩ አይደለም» አለችኝ በኋላ፣ ቀስ ብላ፣ ሆዷን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች።

ስምንት ሰዓት

እማማ ዘሀራ ቤት ተመልሰን እህሉን ወደ ማዳበሪያ ማራገፍ ጀመርን። እትዬ ብርቄ የሚቀበሉት ባዶውን ነው። ሉባባ ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ገባች። እኔ ጠርሙስ እየገለበጥኩ እቆጥራለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። እማማ ዘሀራ ማዳበሪያውን ይዘውልኛል።

«ፎዚያ» አሉኝ።

ስሜን አልነገርኳቸውም ነበር።

«ከበር ስትገቢ ነው ያወቅሁሽ። አነጋገሯ ችኩል ነው ይለኝ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ዓመት ማሾው ገና በአበባው ሳለ ዝናብ ቀረበት። እዚህ ቤት እፍኝ እህል አልነበረም። ‹የሰው ዕቃ ባዶውን ይዘህ አትሂድ፣ ነውር ነው፣ ከጎረቤት ልበደርልህ› አልኩት። እንቢ አለኝ።»

«ለምን?»

«‹ተይው እማ፣ እሷ እንዲህ ያለውን አትቆጥርም› አለኝ።»

ማሾው እጄ ላይ ይፈሳል። ስንት ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ።

«እኔ ጋ ለምን ሰው አልላኩም?» አልኳቸው።

«ልኬ ነበር። እሱ ነው ከመንገድ የመለሰው። ‹ሂድ ብላኛለች› አለ።» ከጓዳ ኮቴ ሲሰሙ ማዳበሪያውን አራገፍ አራገፍ አደረጉ። «ወላሂ፣ ይቺም ጥሩ ልጅ ናት። አልሐምዱሊላህ።»

ሉባባ ምሳውን አስቀምጣ፣ የቀሩትን ጠርሙሶች ገልብጠን ስንጨርስ ሳጥኖቹ ላይ አጎነበሰች። እኔ እንዳልቆጠርኩ በምን እንዳወቀች እንጃ፤ ጣቷን ከጠርሙስ ጠርሙስ እያስነካች እሷ ቆጠረች።

«አርባ ሰባት» አለች። «አንዱ እሱ ጋ ነው። ውሃ ይዞበት ማሳ ወርዷል። ቆይ ሰው ልላክ፣ ሩቅ አይደለም። ራሱ ያመጣልሻል።»

እማማ ዘሀራ አላዩኝም። ማዳበሪያውን ያስራሉ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ካለሁበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጥግ በኩል ነው።

«ሞልቷል» አልኩ።

«አርባ ስምንት አይደል እንዴ?»

«ሞልቷል፣ ሉባባ።»

ምሳውን በላሁ። በደንብ በላሁ። ማንጎውን ለእማማ ዘሀራ ሰጠሁ፤ የእህሉን ማዳበሪያ ግን ትቼላቸው ልሂድ ብል እንቢ አሉኝ፣ ራሳቸው ተሸክመው ባጃጁ ላይ ጫኑት። ሳጥኖቹን ከኋላ በገመድ አሰርን። ሉባባ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ልብሷ ቂቤ ቂቤ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ቁልቁለቱ ላይ

ጠርሙሶቹ ከኋላዬ ይንኳኳሉ። የመስኖው ቦይ ጋ ስንደርስ ከሽንኩርቱ መሃል አንድ ሰው ቀና አለ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። በአንድ እጁ አካፋ፣ በሌላው ጠርሙስ። ሳጥኖቹን አየ፣ ከዚያ እኔን። ጠርሙሱን ወደ ላይ አንስቶ በቦዩ ዳር ወደ መንገዱ መሮጥ ጀመረ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየው፣ ፍሬኑን ነካ አደረገ።

«ሰውየው አንዱን ጠርሙስ ይዞልሽ እየመጣ ነው። ልቁም?»

«ንዳ» አልኩት።