የሰይድ ጀልባና የወደቀችው ዋንዛ

ጎህ ሲቀድ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣሁት ወፍ ሳይንጫጫ ነው። በባጃጅ ጣና ሐይቅ ዳር ስደርስ፣ ሰይድ ዓሣውን ለነጋዴ አስረክቦ ጀልባው ላይ ይጠብቀኛል። የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አባቱም አያቱም ጣና ላይ ጀልባ ሲሠሩ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። እኔ ከተማ ገባሁ፤ እሱ የተወለድንበትን መንደር አልለቀቀም።

«ግባ፣ ጣሳዋን ያዝ» አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል።

«ምን ላደርጋት?»

«ውኃ ልታወጣባት ነዋ! እኔ እቀዝፋለሁ፣ አንተ ትቀዳለህ።»

እውነትም የጀልባዋ ወለል በስብሷል፤ ክረምቱን አትሻገርም። ያለ እሷ ደግሞ የሰይድ ቤት ምን ይበላል? የምንሄደውም ለዚሁ ነው። የመንደራችን ደን ውስጥ አንዲት ትልቅ ዋንዛ ወድቃለች፤ ሽማግሌዎች ዛሬ ለጀልባ ሥራ ለሰይድ ሊሰጡት ነው።

ረፋድ

መንደራችን ደረስን። በዚህ በጋ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ደኑ ብቻውን አረንጓዴ ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ከሥር አጋም። መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን የከበበውን ካብ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረን ነው የካብነው፤ እኔም ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ያኔ የደን ባለሙያዎች መጥተው፣ «ደንቡን እናንተው አውጡ፤ እኛ እናግዛችሁ» አሉን። አወጣን። የወደቀ ዛፍ እንኳ ቢሆን፣ ቄሱና የመስጊዱ ሽማግሌ ቅርፊቱን አብረው ፍቀው ሳያዩ መጥረቢያ አይነካውም። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከተገኘ፣ ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ባለበት ይቀራል።

እኩለ ቀን

አባ ጥላሁንና ሐጂ መሐመድ ግንዱን ፋቁ። ደረቅ ነው። እንደገና ፋቁ። ደረቅ።

«በቃ፣ ያንተ ናት። መጥረቢያህን አምጣ» አሉት አባ።

ሰይድ አላመጣም። ግንዱን እየዳሰሰ ወደ ሥሩ ሄደ፤ ተንበርክኮ፣ አፈር በሸፈነው በኩል በቢላው ፋቀ። ከኋላው ቆሜ ነበርና አየሁት፤ አረንጓዴ! ከእኔና ከእሱ በቀር ያየ የለም። ቢላውን ጠረገ።

«አባ፣ ይምጡማ። ይህን ይዩልኝ» አለ።

አባ አጎንብሰው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን አባቴ ላድርግህ? በል ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ ቁረጥ።»

«እግዜር ይስጥዎ። የባሕር ዛፍ ጀልባ ዕድሜው አጭር ነው እንጂ።»

«ያንተስ ረጅም ሊሆን ነው?» አሉት ሐጂ፤ ሁላችንም ሳቅን። ሥሩን አፈር አለበስነው፣ ፍየል እንዳይደርስበት በአጋም እሾህ አጠርነው። ከዚያ ሰይድ ቤት የቆሮሶ ዓሣ ወጥ በላን።

ማምሻ

ስንመለስ፣ «አልቆጨህም?» አልሁት።

«ቅዳ! ቅዳ! ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል!»

ባሕር ዳር ስንደርስ አንድ ጀልባ ነጂ አየኝና፣ «አባባ፣ በዚህች በሰበሰች ጀልባ ማን ጫነዎ?» አለኝ።

የራሰ ሱሪዬን እየጨመቅሁ፣ «ሰይድ ነዋ!» አልሁት፤ ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን በኩራት ከፍ አድርጌ።