የታየች ምላስ

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ልደታ ውስጥ ጠጅ የሚጥል ሁሉ ጋኑን ከመክፈቱ በፊት ታየችን ያስጠራ ነበር። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣና፣ እንደ ድሮ የመኳንንት ቤት አሳላፊዎች ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጠጁ ደረሰ አልደረሰም የሚለውን ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ታየች ዛሬ ደግሞ ምን ትለው ይሆን ተብሎ ነው።

"ይሄ አዲስ አማት ነው" ትላለች። "ሲቀበልሽ ይስቃል፣ ዞር ስትይ ይቆነጥጣል። ጌሾው በዝቷል።"

ሌላውን ትልስና፣ "ይሄ ደግሞ ደብተራ ነው። በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ጓዳ ሲደርስ ጥርሱን አወጣ።"

አንድ ጊዜ የአንድ ባለጸጋ ጠጅ ቀምሳ ዝም አለች። ምነው ቢሏት፣ "ማሩ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም ብሎኛል፤ የሚኖረው ግን ሌላ ቤት ነው" ብላው አረፈች። ሰውየው ዓመት ሙሉ አኮረፋት። ባሏ ተክለጻድቅ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው። "ያለውን ወሬ ሁሉ አንቺ ጨረስሽው፤ ለእኔ የተረፈኝ መስማት ነው" ይላት ነበር።

በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲቱ በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ወታደሮች ተክለጻድቅን ከሱቁ ጎትተው ወሰዱት፤ ቤቱንም አነደዱት። ታየች ከጓሮ ባለው ቦይ ውስጥ ተኝታ፣ ያረጠበችውን ነጠላ አፏ ላይ አድርጋ፣ የገዛ ጣራዋንና የሁለት ጋን ጠጇን ጢስ ስትምግ ዋለች። ከዚያ ስትወጣ ምላሷ እንጨት ሆኖ ነበር። አፍንጫዋም እንደዚያው። በርበሬ ያቃጥላታል እንጂ ጣዕሙ አይሰማትም። ውሃውም ወጡም አንድ ነው፤ አመድ፣ አመድ።

የጎረቤቷ የመይሙና ቤት ቆርቆሮ ስለነበር ተርፏል፤ የኋለኛውን ክፍል ለቀቀችላት። መይሙና የወሎ ሰው ናት፤ ቅመም ትነግዳለች። ታየች በየረቡዑ ሽሮ ሠርታ፣ እንጀራውን በአገልግል ይዛ ወንዶቹ ወደታሰሩበት የሽቦ ግቢ ትወርዳለች። ዘበኛው አገልግሉን ተቀብሎ የባለፈውን ይመልሳል። በሽቦው አጠገብ የሚሰለፉት ሴቶች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ባዶ የተመለሰ አገልግል ሰውየው በልቷል ማለት ነው፣ የበላ ደግሞ አለ። አገልግሏ እንደሞላ የተመለሰላት ሴት ምንም አትጠይቅም፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትሄዳለች። የታየች ግን ሁልጊዜ ባዶ ነበር የሚመለሰው።

የሚያስጨንቃት ጨዉ ነበር።

"መይሙዬ፣ እስኪ ቅመሺልኝ። አነሰው?"

"ልኩ ነው።"

"ለአንቺ ልኩ ነው ወይስ ለተክሌ?"

"ለተክሌ ትንሽ ቆንጠር አድርጊበት" ትላለች መይሙና። "እሱ አንቺን አግብቶ ኖሯል፤ ጨው አይበዛበትም።"

በዚያን ጊዜ አንድ ጣሊያን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የመኮንኖች መጠጥ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ከውፍረቱ የተነሳ ሰፈሩ በርሜሉ ይለዋል። የታየችን ወሬ ሰምቶ አስጠራትና ቀማሽ አደረጋት። ምላሷ መሞቱን አልነገረችውም፤ በምን ትብላ? የመጠጡን ቀለምና አረፋ፣ ከዚያም ቀድሞ የጠጣውን ሰው ፊት እያየች ትናገራለች። የሚያስተረጉምላት የመይሙና ወንድም በከር ነበር፤ ጣሊያንኛውን ምጽዋ ወደብ ላይ ሸክም ሲሸከም የለመደ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ በርሜሉ አንድ ነገር ነገራት። የእስር ቤቱ ካፒቴን እሑድ ምሳ ሊበላ ይመጣል። ከየካቲት ወዲህ መርዝ ስለሚፈራ ሌላ ሰው ያልቀመሰውን አይጠጣም። የእስረኞቹ ስም ያለበት ጥቁር ደብተር ከኪሱ አይለይም። "እንዳንቺ አነጋገር ካሳቅሽው" አላት በበከር በኩል፣ "የባልሽን ስም እኔ አነሣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚለቀቁ አሉ።" ተለማመጂባቸው ብሎም ለምሳው ከመረጣቸው ሦስት ወይኖች በሦስት ብልቃጥ ሰጣት።

ቅዳሜ ከሰዓት ብልቃጦቹን መይሙና ፊት ደረደረቻቸው።

"አልቀምስም!" አለች መይሙና ወደኋላ ሸሽታ።

"ማን ቅመሺ አለሽ? አሽትቺልኝ።"

"ማሽተትስ ቢሆን?"

"በከርን እንጠይቀው፤ ቁርአን ቤት ገብቷል።"

"በከር ከቁርአን ቤቱ ይልቅ ከምጽዋ የተማረው ይበዛል። አምጪው በይ! አላህ የተክሌን ነገር ያውቃል።" ብልቃጡን አንሥታ፣ "ቢስሚ..." ብላ ጀምራ አፏን ያዘች። "ኧረ ለዚህስ አይባልም!"

ሁለቱም ሳቁ። ከየካቲት ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

መይሙና ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። "ቅርንፉድ አለው። ከሥሩ ደግሞ... ዝናብ የመታው ቆዳ። በክረምት የተክሌ ሱቅ እንደሚሸተው።"

ታየች ብልቃጡን ከእጇ ተቀብላ ክዳኑን ዘጋች። መይሙናም ነገሩ ገብቷት ቶሎ ሁለተኛውን አነሣች፤ እሱ ነጭ ነበር። "ይሄ ያልበሰለ ኮክ ነው፤ ሎሚ በቆረጠ ቢላ የተላጠ።" ሦስተኛው ላይ ቆየች። "ይሄኛው የሠርግ ማግሥት ነው። አበባው ጠውልጓል፣ ማሩ ጥግ ላይ አለ፣ ሰው ግን ሄዷል።"

"አንቺ! እንጀራዬን ልትወስጂብኝ ነው።"

"ብወስደውስ የት አባቴ እበላዋለሁ? ጀሀነም?"

በማግሥቱ ታየች በመኮንኖቹ ጠረጴዛ ራስ ቆማ ከመዳፏ ላሰች። ስለ ቅርንፉዱ ተናገረች፤ ቆዳውን ግን አላነሣችም። በከር ተረጎመ፣ ካፒቴኑ ፈገግ አለ። ያልበሰለውን ኮክ ስትል ጠረጴዛውን መታ። ሦስተኛው ሊመጣ ሲል ካፒቴኑ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና ራሱ ቀድቶ አመጣላት። ቀይ ነው፣ ተራውም የሦስተኛው ነው። ላሰች። ጉሮሮዋን ቆንጠጥ አደረጋት፤ ጠንካራ ቢሆን ነው ብላ አለፈችው።

"ይሄ የሠርግ ማግሥት ነው" አለች። "አበባው ጠውልጓል፣ ማሩ ጥግ ላይ አለ..."

በከር ተርጉሞ ሳይጨርስ ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ እንባውን እየጠረገ፣ "አቼቶ! አቼቶ!" ይላል።

"እትዬ ታየች" አለ በከር ዝቅ ብሎ፤ "ኮምጣጤ ነው የሰጠሽ። ሰላጣ ላይ የሚያፈሱት።"

በርሜሉ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ፤ መርዝ ለሚፈራ ሰው ምላስ የሌላት ቀማሽ ነው ያቀረበው። ካፒቴኑ ሳቁን ገታ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ምን ቀመስሽ፣ እውነቱን ተናገሪ ነው የሚለው።"

ታየች መዳፏን አየች። "አመድ። ቤቴን ካቃጠላችሁ ጀምሮ ሁሉም አመድ ነው በለው።"

በከር ግን፣ "በየካቲት በሽታ ምላሷን ወሰደው" ብሎ ተረጎመ።

ካፒቴኑ እንደገና ሳቀ። ሳትቀምስ እንዲህ የምታወራ ሴት ጠበቃ መሆን ነበረባት አለ፤ ምን እንደምትፈልግም አስጠየቃት። በርሜሉ ስሙን ለማንሣት ድፍረቱ ጠፍቶበት ስለነበር ራሷ ጠራችው። ተክለጻድቅ፣ ኮርቻ ሰፊው፣ የልደታው።

ጥቁሩ ደብተር ወጣ። ካፒቴኑ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ገጾቹን ገለጠ፣ አንድ ቦታ ቆመ፣ ጥቂት ቃል ተናግሮ ዘጋውና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

"በከር?"

በከር ባዶውን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አነሣ።

"አንተ ልጅ፣ ተናገር።"

"ሞቷል ነው የሚለው፣ እትዬ። በተቅማጥ። ሚያዝያ ሃያ ስምንት።"

ታየች በቆመችበት ቆጠረች። ሚያዝያ መጨረሻ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። ዘጠኝ ረቡዕ። ዘጠኝ አገልግል ሞልቶ ገብቶ፣ ዘጠኝ አገልግል ባዶ ወጥቷል።

"ታዲያ ማነው የበላው?" አለች። ይሄን በከር አልተረጎመውም።

መይሙና ሁለት ቀን አብራት ተቀመጠች። ረቡዕ ጠዋት ግን ታየች ተነሥታ ሽሮ ጣደች።

"እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"የሚበላው ሰው አለ። ዘበኛው ይሁን እስረኛው አላውቅም። እስረኛው ከሆነስ? ጨዉን ቅመሺልኝ።"

መይሙና ቀመሰች። "ልኩ ነው" አለች፤ ቆንጠር አድርጊበት አላለችም።

በሽቦው አጠገብ በሰልፉ ዘወትር አጠገቧ የምትሰለፈው ፀሐይቱ ቆማ ነበር፤ ሁለት ወንድሞቿ እዚያ ውስጥ ናቸው። ዘበኛው የፀሐይቱን አገልግል ባዶውን መለሰላት፤ እሷም ከፍታ ውስጡን አይታ ዘጋችው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ቀጥሎ የታየችን መለሰ፤ ባዶ ነው። ፀሐይቱ አንገቷን አስግጋ አየችና ፊቷ በራ።

"ያንቺም በልቷል!"

ታየች አገልግሉን አገላብጣ አየችው። ከክዳኑ ሥር ወጥ የነካ ጣት ያሰመረው መስመር ደርቆ ቀርቷል፤ ወጡ ካለቀ በኋላ በጣት የተጠረገ። ሴቶቹ ሁሉ እሷን ያያሉ፤ እንደ ድሮው ታየች ምን ትላለች ብለው።

"በልቷል" አለች። "ጠርጎ ነው የበላው። ጨዉ ግን አነሰኝ ብሏል፤ እሱ መቼም አይጠግብ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ታየች አዲሱን አገልግል በሽቦው ቀዳዳ ለዘበኛው አቀበለችና ባዶውን ይዛ ወደ ልደታ አቀናች።