ዋናውን ያላጠፋሁ ዕለት

ቆጣሪውን በመዶሻ የመታሁት ሐምሌ ውስጥ ነው። መስታወቱ እስኪሰነጠቅ ሦስት ጊዜ መታሁት፤ አራተኛውን ስሰነዝር ሚስቴ ከኋላ ሸሚዜን ይዛ ጎተተችኝ። በግራ እጄ የመብራት ቢሉን ጨብጬ ነበር፤ በላብ ርሶ ቀለሙ መዳፌ ላይ ታትሟል። ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ልኮራበት ወይም ይቅር እንድባል አይደለም፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው ስለማይገባ ነው።

አትላንታ አጠገብ ካለችው ከሊቶኒያ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ ገጠራማ ካውንቲ ውስጥ ቤት ከገዛን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ሊቶኒያ አንድ ጠባብ ክፍል በተከራየንበት ዋጋ እዚህ ጥድ የበዛበት ሰፊ ግቢ አገኘን። ቤቱን ያገኘልን ታላቅ ወንድሜ ነው። አገር ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የመብራት ምሰሶ ላይ ሠርቷል። ዲቪ ደርሶት እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ መስመር ላይ የወደቀ ዛፍ ቆራጭ አደረጉት፤ ትምህርቱን ፈተናውን ሁሉ እንደገና ጨርሶ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ወጣ። የሚሠራው መብራት ለሚያከፋፍለው የካውንቲው ማኅበር ነበር። እኔ ኢስት ፖይንት ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። መንገዱ ይርቀኛል፣ ግን ወንድሜ አጠገብ መሆን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ማኅበሩ እኛን ደንበኛ አይለንም፤ አባል ነው የሚለን። አባል ሆነህ አንዲት አምፖል ባታበራም በየወሩ የምትከፍለው መነሻ አለ። ከዚያ ደግሞ ከወሩ ሁሉ ብዙ የተጠቀምክባት አንዲት ሰዓት ተለይታ ለብቻዋ ትሰላለች። የእኛ ቤት ያቺ ሰዓት እሁድ ከሰዓት በኋላ ናት። ከቤተ ክርስቲያን እንግዳ ይዘን እንገባና ኤሲውን፣ ምድጃውን፣ ልብስ ማድረቂያውን በአንድ ላይ እንለቀዋለን። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ወሩን ሙሉ እንቀጣለን ማለት ነው። ይባስ ብሎ ግቢዬ ጫፍ ስቆም ከጥዱ በላይ የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ ይታየኛል። የከሰል ባቡሩ እያጓራ ነው የምንተኛው። ጭሱ ለእኛ፣ መብራቱ በብረት ምሰሶ ተሸክሞ ለአትላንታ፤ ዋጋው ግን ከአትላንታ ሰው የሚበልጠው እኛ ላይ ነው። ዳቦ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ዳቦ በውድ እንደመግዛት ነው።

ወንድሜ ስንት ጊዜ ሊያስረዳኝ ሞክሯል። ከተማ ውስጥ አንድ ማይል ሽቦ ብዙ ቤት እንደሚያበራ፣ እዚህ ግን አንድ ማይል ሽቦ እኔን ብቻ ይዞ እንደሚመጣ፣ ያንን ሽቦ የምንሸከመው እኛው ጥቂቶቹ እንደሆንን ነግሮኛል። እውነትም የመስመሩ መጨረሻ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ ወዲያ ቤት የለም። እኔ ግን የማስረዳቱ እርጋታ ያናድደኝ ነበር። ሌቦችህ እላቸው ነበር አለቆቹን፣ ፊቱ ላይ።

ያን ዕለት ሚስቴ ደወለችለት። የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጣ፣ የተሰነጠቀውን ቆጣሪ አየ፣ ወደ እኔ ዞሮ በቀኝ እጁ በጥፊ አጮለኝ። አርባ ዓመቴ ነበር። ጆሮዬ ጮኸ፣ ከንፈሬ ደማ። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ያቺን ጥፊ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። በሚስቴ ፊት መሆኑ አቃጠለኝ።

መዶሻውን ሊመልስ ጋራዥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ፤ ለክፉ ቀን ብዬ የሠራሁት፣ በሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ጥርስ ያለው ወፍራም ገመድ። አንዱን ጫፍ ጄኔሬተር ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ያለ የማድረቂያው ሶኬት ውስጥ ስትሰካው ቤቱ በሙሉ ይበራል። አዲስ አበባ የምሠራበት ሻይ ቤት እንዲህ ነበር የሚበራው፤ አሠራሩን እዚያ ነው የተማርኩት። ወንድሜ ገመዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ፒንሳ አንስቶ እዚያው ከታተፈው። ቤቱን ከውጭው መስመር የሚለየው ዋናው ማጥፊያ ካልጠፋ ኃይሉ ቤት ውስጥ እንደማይቀር፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ብዙ እጥፍ አድጎ ሞተ የተባለውን መስመር እንደሚያስነሳው ነገረኝ። አገር ቤት አንድ ጓደኛው ምሰሶ ላይ እንዳለ የሆቴል ጄኔሬተር ገድሎታል፤ ሬሳውን ያወረደው ወንድሜ ነው።

«ዋናውን ሳታጠፋ ጄኔሬተር ብትነካ ወንድሜ አይደለህም» አለኝ።

ለመሥሪያ ቤቱ ቆጣሪውን ቅርንጫፍ ወድቆበት ነው ብሎ ሸፈነልኝ። እኔም በሳምንቱ ገመዱን መልሼ ሠራሁት። ምን አስቤ እንደሆነ ብትጠይቁኝ እልህ ነው፤ ሌላ መልስ የለኝም።

አትላንታ በትንሽ በረዶ ተዘግታ ሰው መኪናውን ሃይዌይ ላይ ጥሎ በእግሩ ቤቱ በገባበት በዚያ ዊንተር፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የባሰው መጣ። ዝናቡ የነካው ነገር ላይ ሁሉ እየረጋ ወረደ። ጥዶቹ ክብደቱን ሲያቅታቸው እንደ ጥይት እየጮሁ ከወገባቸው ተሰበሩ። አንዱ የጋራዡን ጣሪያ በስቶ ገባ። መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ካፖርታችንን እንደለበስን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለን ነበር የምንውለው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ፣ የሚስቴ ጣቶች እስኪያብጡ በረዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ድምፁ ተዘግቷል። መኪና ውስጥ እየተኛ ሁለት ቀን እንደሠራ፣ መጀመሪያ ብዙ ቤት ያለበት መስመር እንደሚቀድም፣ የእኔ ተራ ነገ እንደሆነ ነገረኝ። ሚስቴ ስትሞት ትመጣለህ አልኩት። ለፈረንጅ መስመር ስትቀጥል ዋል አልኩት። 

«ያ እጅህ ለእኔ የሚሠራው ለጥፊ ብቻ ነው?» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው።

መንገዱ እንደተከፈተ አትላንታ ዳር ዶራቪል ግሮሰሪ ካለው ወዳጄ ጄኔሬተር ተውሼ በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ገደማ ተመለስኩ። ከጋራዡ ፊት አስቀምጬ ገመዱን ሰካሁ። ዋናውን ማጥፊያ አየሁት። ልክ እንደዛሬ ትዝ ይለኛል፣ ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት። አላጠፋሁትም።

ምክንያቴን ያገሬ ሰው ይረዳዋል። እኛ መብራት ሲጠፋ ዋናውን አናጠፋም። እንዲያውም ማብሪያውን ሁሉ እንደበራ እንተወዋለን፣ መብራት ሲመጣ እንድናውቅ። ልጆች ሆነን ሰፈሩ በሙሉ አይኑ አምፖል ላይ እንደተተከለ ይጠብቅና ብልጭ ሲል ከየቤቱ «መጣ!» የሚል ጩኸት ይወጣል። እኔም በየሰዓቱ ጄኔሬተሩን እያጠፋሁ መምጣቱን አያለሁ ብዬ አሰብኩ። ዋናውን ካጠፋሁ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቢውል በምን አውቃለሁ? በዚያ ላይ አጥፋ ያለኝ ወንድሜ ነው። የዚያን ቀን እሱ ያለኝን የማደርግ ሰው አልነበርኩም።

ያላወቅሁት፣ ወንድሜ ተራውን ጥሶ እየመጣልኝ ነበር። አለቃውን ለምኖ፣ አንድ የሥራ ጓደኛውን ይዞ፣ ለእኔ ምንም ሳይናገር። መኪናቸውን ያቆሙት ከመታጠፊያው ወዲያ ጥዶቹ መሃል ነው፤ ከቤቴ አይታይም። መጋዝ ሲጮኽ ሰምቼ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን መጋዝ የማይጮኽበት ቦታ አልነበረም። ወንድሜ መሬት የወደቀውን ሽቦ በመፈተሻው ፈተሸው። ሙት ነበር። ድንገት ኃይል ቢመጣ ወደ መሬት የሚያወርደውን ማሰሪያ ሊያመጣ ጓደኛው ወደ መኪናው ዞረ። ወንድሜ የላስቲክ ጓንቱን አውልቆ የቆዳውን አጥልቆ የሽቦውን ጫፍ ከቅርንጫፉ ሥር ሊመዘው ያዘው። ቸኩሎ ነበር። ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ።

እኔ በዚያች ደቂቃ የጄኔሬተሩን ማስነሻ ገመድ እየጎተትኩ፣ እየተሳደብኩ ነበር። በስድስተኛው ተነሳ። ኮሪደሩ፣ ሳሎኑ፣ የበረንዳው አምፖል ቦግ አለ። ደስ አለኝ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ። «መጣ!» ብዬ ወደ ሚስቴ ጮኽኩ።

ወዲያው አምፖሉ ደበዘዘ። ጄኔሬተሩ ከባድ ነገር እንደተጫነበት አቃሰተ። ያ ክብደት የወንድሜ አካል ነበር። ያኔ አላወቅሁም፤ ነዳጁ ቆሻሻ ያለበት መስሎኝ በእግሬ መታሁት። ከዚያ ከጥዶቹ ወዲያ ሰው ሲጮኽ ሰማሁ። የጮኸው እሱ አልነበረም፤ እሱ መጮኽ አይችልም ነበር። ጓደኛው ነው። እየሮጠ ግቢዬ ገባ፣ ጄኔሬተሩን በርግጫ ገለበጠው፣ ገመዱን ከነሶኬቱ ከግድግዳው መንጭቆ አወጣው፣ ተመልሶ ሮጠ። ተከተልኩት። በበረዶው ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

ወንድሜ በጀርባው ተዘርግቷል። ከቀኝ ጫማው ሶል ጭስ ይወጣል። ጓንቱ ከእጁ ጋር አንድ ሆኗል። ሽታውን አልናገርም። ጓደኛው ደረቱ ላይ አጎንብሶ የጎድን አጥንቱ እስኪሰበር ይጫነዋል፤ ሲሰበር ሰምቻለሁ። እኔ ቆሜ ነበር። አምቡላንስ በዚያ መንገድ እስኪመጣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። ሲተነፍስ አየሁት፣ ወሰዱት። ያን ጊዜ ጓደኛው ወደ እኔ መጣና ደበደበኝ። አፍንጫዬን ሰበረው፣ ሁለት ጥርስ አወለቀ፣ ስወድቅ ወገቤን ረገጠኝ። እጄን አላነሳሁም። ቢቀጥል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሚስቴ መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች።

ቀኝ እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት።

በአምስተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ የላካቸው ሁለት ሰዎችና አንድ ፖሊስ አልጋው አጠገብ ቆመው ጠየቁት። የዜግነት ፎርም አስገብቼ መልስ እየጠበቅሁ እንደሆነ፣ ክስ ከመጣብኝም እንደሚበላሽ ወንድሜ ያውቃል። ያበጠ ፊቴን ይዤ ግድግዳው ጥግ ቆሜያለሁ። ወንድሜ «ገመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከመምጣቴ በፊት ጄኔሬተሩን አብራው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ዋናውን አጥፋ ማለቱን ግን ድካም ላይ ስለነበርኩ ረሳሁት» አላቸው። ቀስ ብሎ፣ እንግሊዝኛውን እየመረጠ። ፖሊሱ አየኝ። አፌን አልከፈትኩም። ሥራውንም በዚያው አጣ፤ በራሱ ቃል በራሱ ላይ የፈረደ ሰው ምን ይከራከራል። ሚስቴም ገመዱ ሲቆረጥ ስላላየች እንደዚያው አመነች። ያን ሁሉ ነውር ይዤ ዜጋ ሆንኩ፣ ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እኛ ቤት ገባ፤ አሁንም የታችኛው ክፍል የእሱ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በአንድ የበጋ ከሰዓት፣ ነጎድጓድ መጣና መብራት ጠፋ። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ከሶፋው ተነሳ፣ ጋራዥ ገባ፣ በግራ እጁ ዋናውን አጥፍቶ ተመለሰ። ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል። ሚስቴ ክፋት አልነበራትም፤ ትወደዋለች።

«ጋሼ፣ ያኔም እንዲህ አጥፋው ብለውት ቢሆን ኖሮ» አለችው።

«እውነትሽን ነው» አለ፣ «ረሳሁት።»

እዚያ ላይ አልቻልኩም። ተነስቼ ቆምኩ። «አልረሳም» አልኳት። «አጥፋ ብሎኝ ነበር። ገመዱን ቆርጦት ነበር። መልሼ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያላጠፋሁትም እኔ ነኝ።» ሚስቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እኔን ሳይሆን የእሱን እጅጌ ነበር የምታየው።

ወንድሜ ብድግ ብሎ ፊቴ መጣ። እንደዚያ ሲቆጣ ከሐምሌው ቀን ወዲህ አላየሁትም፤ እጁን የሰጠበትን ዝምታ አፈረስኩበት። ቀኝ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ አነሳው። አይኔን ጨፍኜ ጉንጬን ሰጠሁት። ጥፊው አልመጣም። አይኔን ስገልጥ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ፣ ባዶው እጅጌ ታጥፎ፣ እሱም እያየው ነው። ቀስ አድርጎ አወረደው።

«በግራህ ምታኝ፣ ጋሼ» አልኩት፤ እያለቀስኩ ነበር።

«ግራዬ አልለመደም» አለኝና ተመልሶ ተቀመጠ።