የአንኮበር ውርጭ እና የቸኮለው ኮምፓይለር

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ላፕቶፑን አቅፎ ደብረ ብርሃን ያለው ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ሳቀያይር መልሱ ይለወጥብኛል። ከሁለቱ የሚያንሰውን ነው እኮ የጠየቅኩት!» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ይህን ጥያቄ ሰምቼ ሰብለን ሳላስታውስ ቀርቼ አላውቅም።

ሰብለ የመመረቂያ ፕሮጀክት አጋሬ ነበረች፤ የአንኮበር ልጅ፣ አባቷ መሪጌታ፣ ምላሷ ሚጥሚጣ። የአባቷን ባቄላ በየዓመቱ ውርጭ ይመታዋል። እኛም የየሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት እንይዛለን ብለን መለኪያ ማሳው አጥር ላይ ሰቀልን፤ ሽቦውን በመስኮት አስገብተን ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኘነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ንባቡን ልናይ እንሄዳለን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ሚኒባሱ ያንገጫግጨናል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን መንገዱ ባያልቅ ደስታዬ ነበር፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካላ! እወዳት ነበር፤ አልነገርኳትም። ፕሮጀክቱ ሳያልቅ እነግራታለሁ እያልኩ ቅዳሜን ለቅዳሜ አስተላልፋለሁ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ጥላ ያረፈበት ሣር ገና በአመዳይ ነጭ ነው፤ የባቄላው ቅጠል ጠቁሮ ተኮማትሯል። መሪጌታ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ደጅ ቆመዋል።

«ማሽናችሁ ምን ይላል?» አሉ።

ሰብለ ገብታ አየችና ፊቷ ቀላ። «ሌሊቱ ደህና ነበር ይላል፣ አባባ።»

«ታዲያ ባቄላዬን ማን ጨረሰው? ጅብ ነው?»

እሷ አፈረች። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ስህተት አለ ማለት ገና እንመላለሳለን ማለት ነው።

የጻፍነው ትእዛዝ ቀላል ነበር፤ አዲሱ ንባብ ከያዝከው ካነሰ አዲሱን ያዝ፣ አለዚያ የያዝከውን አትልቀቅ። ስህተቱን ያገኘችው ሰብለ ናት፤ እናቷ ያቀረቡልንን አሹቅ እየቆረጠመች።

«ጉሙ ነው!» ብላ ጮኸች። «ንጋት ላይ ከገደሉ ሥር ሲወጣ ሽቦውን ያረጥበዋል። መለኪያው ያኔ ቁጥር ያልሆነ ነገር ይልካል።»

«ቢልክስ? እንዲህ ያለው ከምንም አያንስም። የያዝነው ይቆያል።»

«በእኛ አጻጻፍማ ይቆያል። ኮምፓይለሩን ግን ፍጠን ብለነዋል!»

ኮምፓይለር የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም ነው። ፍጠን ሲባል፣ ቁጥር ያልሆነ ነገር መቼም አይመጣም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ማነጻጸራችንን «ከሁለቱ ትንሹን ስጥ» በሚል አንድ የማሽን ትእዛዝ ተክቶ፣ የያዝነውን አስቀድሞ አዲሱን ንባብ ሁለተኛ አቁሞታል። ለጤነኛ ቁጥሮች ልዩነት የለውም። ያ ትእዛዝ ግን ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲገጥመው ሁለተኛ የቆመውን ዝም ብሎ ያስረክባል። ስለዚህ ጉም በገባ ጊዜ ሁሉ ያ ቁጥር ያልሆነው ነገር ይያዝና የሌሊቱ ብርድ ይጣላል፤ ማሽኑም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ካለው ንባብ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰብለ «ፍጠን» ያልነውን አጠፋችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሽኑና ሣሩ አንድ ቃል ሆኑ። መሪጌታ መረቁን፣ እሷ ዘለለች፣ እኔም አጨበጨብኩ። አንጀቴ ግን እርር አለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሲገባ ሰብለ ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ፣ ጨረስን። ሌላ የቀረ ነገር አለ?»

ዓይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ። ትንሽ ጠበቀችኝም።

«የለም» አልኩ።

ተመረቅን። አዲስ አበባ ሥራ አገኘች፤ እዚያው አገባች፣ ወለደች። ደህና ናት ይሉኛል፤ ደህና ትሁን። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ ወደ አንኮበር ለመሄድ ግን ምክንያት አጣሁ። ለዓመታት ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ ወደ መናኸሪያ ይል ነበር።

ተማሪዬን ካስረዳሁት በኋላ አላስችል አለኝና በማግስቱ መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። አሁን አስፋልት ነው፤ ቶሎ ያደርሳል። መሪጌታ አርጅተዋል፤ በከዘራ ተደግፈው ወጡ፣ ግን አልጠፋኋቸውም።

«አንተ! ምነው እንዲህ ጠፋህ?»

«ምክንያት አጥቼ ነው፣ አባባ።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ትክ ብለው አዩኝ።

«ወደ ሰው ቤት ለመምጣት ምክንያት ይፈለጋል እንዴ፣ ልጄ? ያኔም እኮ የምትመጣው ለባቄላው እንዳልሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር።»