የሙሽራው ሱሪ

ትናንት መካኒሳ አቦ ታክሲ ስጠብቅ የጋለ ካውያ ሽታ መጣና ስምንተኛ ክፍል መለሰኝ። ያኔ ትምህርት ቤቱ ሥራ እንድንለምድ ብሎ ለአንድ ሳምንት እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ልብስ ሰፊ ጋ ልኮኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን የሙሽራ ሱሪ እንድተኩስ ሰጡኝ። የሚያልፉትን ሴት ተማሪዎች ሳይ ካውያውን የሱሪው ጉልበት ላይ ረሳሁት።

ሙሽራው መጥቶ ሲጮህ እትዬ፣ "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤ ዓይኔ ደክሟል። እስከ ማታ ሌላ እሰፋልሃለሁ" አሉት። እኔ ጎንበስ ብዬ መሬት የወደቀ ክር መልቀም ጀመርኩ።

እሱ ሲሄድ የትምህርት ቤቱን የግምገማ ወረቀት አወጡ።

"ምን ብዬ ልጻፍልህ?"

"እንደፈለጉ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ራስህ ጻፈው" ብለው ባዶውን ፈርመው ሰጡኝ።

"እጅግ በጣም ጥሩ" ብዬ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ካውያ ነክቼ አላውቅም፤ ትናንትም ታክሲ የጠበቅኩት በተጨማደደ ሸሚዝ ነው።