ከዳታቤዙ ያመለጠው መልእክት

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ከተማው በሙሉ ለባቡር ሐዲድ ተቆፋፍሮ በነበረበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ በኮምፒዩተር ባለሙያነት እሠራ ነበር። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይሄኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ በጣም ጓጉቼ ነበር፤ ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ በተሰለፉ ሰዎች ፊት ቆሜ ነው።

ላቦራቶሪያችን ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ነበር። የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተር ሙና ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጠው እትዬ ሂሩት ናት። እትዬ ሂሩት ሰው ሲቸገር አይታ ዝም ማለት አትችልም። ሳትጠየቅ ትሮጣለች።

ችግራችን ሰዎች ምርመራ አድርገው ውጤታቸውን ሳይወስዱ መቅረታቸው ነበር። እትዬ ሂሩት ቀኑን ሙሉ ስትደውል ትውላለች። ግማሹ አያነሳም፣ ግማሹ ቁጥር ቀይሯል። አንድ ቀን ዶክተር ሙና ጠሩኝና «ውጤት ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ራሱ ሜሴጅ ቢልክስ?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሥራ በጣም ስለምወድ በደስታ ተቀበልኩ።

ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። የታካሚዎቹ መረጃ የተቀመጠበት ዳታቤዝ የራሱ መጠየቂያ ቋንቋ አለው። «የዛሬን ውጤቶች አምጣ» ሲሉት ያመጣል። «መጀመሪያ ይሄን አድርግ፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ያንን፣ እስኪያልቅ ድረስ ድገመው» ለማለት ግን ሌላ ዓይነት ቋንቋ ያስፈልጋል። አንዱ ከዳታቤዙ ጋር አብሮ ይመጣል። ሌሎቹን ኤክስቴንሽን በሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መልክ ለብቻ መጫን የባለሙያው ፈንታ ነው። እኔ ፓይተን የሚባለውን መረጥኩ፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ ካያያዝኩት አሮጌ ሞባይል ጋር መነጋገር የሚችለው እሱ ስለሆነ።

«ኤክስቴንሽኑ እምቢ አለኝ» ብዬ ሳጉረመርም እትዬ ሂሩት ሰምታ ኖሮ፣ ከመሳቢያዋ ባለ አምስት ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ይዛ መጣች።

«ይሄ አዲስ ነው፣ ማሂዬ። ያንን አሮጌውን ጣዪው።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷም ነገሩ ሲገባት አብራኝ ሳቀች።

እምቢ ያለኝ ግን ምክንያት ነበረው። ቋንቋውን ለመጫን የዳታቤዙ ዋና አዛዥ መሆን ያስፈልጋል፤ በተራ መግቢያ አይቻልም። ለምን ብዬ መመሪያውን ሳነብ ቋንቋው «የማይታመን» ከሚባሉት ወገን ተመድቦ አገኘሁት። ስሙ ጫፍ ላይ ይህን የምትናገር አንዲት ፊደል ተለጥፋበታለች። በጣም ገረመኝ። ዳታቤዙ የማያምነውን ቋንቋ ለምን አስገቡልኝ ይላል? ካስገባስ በኋላ ለምን በስሙ ላይ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ይለጥፍበታል?

ሳነብ ገባኝ፤ ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። የሚታመኑት ቋንቋዎች ዳታቤዙ ግቢ ውስጥ ታጥረው የሚሠሩ ናቸው። ይሄኛው ግን የግቢው ቁልፍ አለው። ወጥቶ ፋይል መክፈት፣ ከሌላ ዕቃ ጋር መነጋገር ይችላል። ለእኔ ሥራ ደግሞ የሚያስፈልገኝ መውጣት የሚችል ነው። በዋናው አዛዥ መግቢያ ገብቼ ትእዛዙን ጻፍኩ። በአንዲት መስመር ተጫነ። ደስ አለኝ።

ለሙከራ የድሮ ታካሚዎችን መረጃ ወደ ሌላ የሙከራ ዳታቤዝ ገለበጥኩ። አንድ ሰው «ውጤቱ ደርሷል» ተብሎ ሲመዘገብ ፓይተኑ ተነስቶ «ውጤትዎ ደርሷል፣ እባክዎ መጥተው ይውሰዱ» የሚል መልእክት በሞባይሉ እንዲልክ አደረግሁ። እውነተኛ ሰው ጋ እንዳይደርስ ሲም ካርዱ ውስጥ ሒሳብ እንዳይኖር ተጠነቀቅሁ። እያንዳንዱ መልእክት «አልተላከም» ተብሎ ይመለሳል። እኔም የምፈልገው መመለሱን ማየት ነው። ሁሉንም ታካሚዎች በአንድ ትእዛዝ «ደርሷል» ብዬ መዝግቤ ሥራውን አስነሳሁት። «አልተላከም»፣ «አልተላከም» እያለ መስመር በመስመር ሲወርድ አይቼ ሽሮዬን ልበላ ወረድኩ።

ስመለስ እትዬ ሂሩት ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ገላገልኩሽ! ያ ሞባይል አልተላከም፣ አልተላከም እያለ ሲያስቸግርሽ ስክሪኑ ላይ አየሁ። ሒሳቡን ሳየው ባዶ ነው። በቃ፣ ትልቁን ካርድ ገዝቼ ሞላሁልሽ።»

ወደ ስክሪኑ ሮጥኩ። «ተልኳል። ተልኳል። ተልኳል።»

የሞባይሉን ገመድ ነቀልኩት። ቀጥዬ ትእዛዙን አቋረጥኩ። ዳታቤዙ ታዲያ ሥራው ሳያልቅ ስለተቋረጠ፣ ደንቡ እንደሆነው ሁሉንም ወደነበረበት መለሰ። ማንም «ደርሷል» አልተባለም፣ ምንም አልተላከም፣ ምንም አልተፈጠረም። በዳታቤዙ ዘንድ ዓለም ልክ ከምሳ በፊት እንደነበረች ናት። መልእክቶቹ ግን ሰው ኪስ ውስጥ ገብተዋል። የማይታመን ማለት ይሄ ነው ለካ! ግቢው ውስጥ የሆነውን ዳታቤዙ መመለስ ይችላል። በሩን ከፍቶ የወጣውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ዶክተር ሙና ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

«ስንት ሰው ጋ ደረሰ?»

«አላውቅም፣ ዶክተር። ስክሪኑ ላይ የቀሩት ስም የሌላቸው የመጨረሻዎቹ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ስልኩም የላከውን አያስቀምጥም።»

«እነማን ጋ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ይቅርታ ብለን ለሁሉም እንላክ?» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጀመሪያው ያልደረሰው ሰው ሁለተኛው ሲደርሰው በባዶ ሜዳ ይደነግጣል አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «የመጣውን ሁሉ በክብር እንቀበላለን። ማንንም አንዋሽም» አሉኝ። ውጭ የእትዬ ሂሩት ስልክ መጮህ ጀምሮ ነበር። እሷ የሠራችውን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ስልክ ታነሳለች።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ ከደረጃው አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። የቢሮ ሠራተኛ አለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች፣ ከቂርቆስ ሰፈር ልጃቸው ደግፎ ያመጣቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ያዝኩ። አንዳንዱ እፎይ ብሎ ሄደ። አንዳንዱ ተቆጣ። አንዱ ሰውዬ «ከሥራ አስፈቅጄ መጥቼማ ባዶ እጄን አልመለስም፤ ደርሷል ያላችሁትን አምጡ!» ብሎ ድርቅ አለ። ዶክተር ሙና ለፈለገ ሁሉ የስኳር ምርመራ በነጻ ይደረግለት ስላሉ እሱም ተመርምሮ ሄደ።

ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በይ ንገሪኝ፣ ልጄ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ኑዛዜዬንም ለዚህ ለልጄ ነግሬ ነው የመጣሁት።»

«አባቴ፣ አዲስ የመጣ ውጤት የለም። በስህተት የተላከ ነው።»

«ኮምፒዩተሩ ነው የተሳሳተው?»

«አይ፣ አባቴ። እኛ ነን።»

ልጃቸው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ኮፍያቸውን አድርገው ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሰልፉ ሳሳ። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ግን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማለች። አትወጣም፣ አትወርድም። ስሟን ልቀይርና ራሔል ልበላት። ሄጄ እንደሌሎቹ ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እሺ፣ ስህተት ይሁን። ግን ስሜን ፈልጊልኝ።»

ፈለግሁላት። ከአንገቷ ላይ ካበጠ ዕጢ ናሙና ተወስዶ ተመርምሯል። ውጤቱ ከደረሰ ቆይቷል። አልተወሰደም። እትዬ ሂሩት ስሟን ስትሰማ «ውይ! የእሷን ስልክ ስንቴ ደወልኩ መሰለሽ!» አለች።

ዶክተር ሙና ይዘዋት ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ሰውን በሙሉ ትቼ ያንን በር አያለሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ራሔል ብቻዋን ወጣች፤ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን አይቼ ምንም ማወቅ አልቻልኩም።

«ደህና ነኝ» አለች። «ያኔም ደህና ነበርኩ። ለማንኛውም ድጋሚ ይታይ ብለውኛል እንጂ ክፉ ነገር የለውም አሉኝ።»

ከዚያ አለቀሰች። እትዬ ሂሩት ውሃ ይዛላት ሮጠች።

ራሔል እዚሁ ከተማ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። በዚህ ፎቅ በር ላለማለፍ ስትል በሌላ በኩል ዞሮ የሚሄድ ታክሲ ትይዝ ነበር። ልታገባ ሽማግሌ ተልኮላት ሳለ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብላ ሰውየውን መልሳዋለች። ምክንያቱን አልነገረችውም።

«ለምን ብዬ እሱንም አስጨንቀዋለሁ?» አለችኝ። «እሞታለሁ ብዬ ነው የምኖረው። ግን ሳላውቀው እስከኖርኩ ድረስ ያልሆነ ይመስለኛል። ይገባሻል?»

ገባኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቃት ፈለግሁ። «ስንደውልልሽ ሳታነሺ ኖረሽ፣ ዛሬ እንዴት መጣሽ?»

«ስልኩን ቁጥሩን አይቼ እተወዋለሁ። ሜሴጁን ግን ሳላስብ ከፈትኩት። ከተነበበ በኋላ ደግሞ አላነበብኩም ማለት አይቻልም። ስሸሽ እንደነበር ያወቃችሁብኝ መሰለኝ።» አፍንጫዋን ጠረገችና «የላክሽልኝ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

አዎ ብላት ደስ ይላት ነበር። ግን ሌላውን ሁሉ በስህተት ነው ብዬ መልሼ እሷን እንዴት ልዋሻት? ቋንቋውን፣ ሙከራውን፣ ባዶ የነበረውን ሲም ካርድ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እትዬ ሂሩት አንገቷን ደፍታለች። ራሔል ስትሰማ ቆይታ ድንገት መሳቅ ጀመረች። እስኪያማት ሳቀች። ተነስታም እትዬ ሂሩትን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

ድጋሚ ምርመራው መልካም ሆኖ ወጣ። ውጤቱን ልትወስድ የመጣችው ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ነበር። ሰውየው የመለሰችው ይሁን ሌላ አልጠየቅኳትም፤ ለመጠየቅ ግን በጣም ጓጉቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና በጥንቃቄ ሠራሁት። መልእክቱንም ሰው እንዳያስደነግጥ ከዶክተር ሙና ጋር ተቀምጠን ቃል በቃል ለወጥነው። ላቦራቶሪውን ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሁሉ «እንኳንም ተሳሳታችሁ» ይለኛል። እኔ ግን እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። የራሔልን ሳቅ ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ እኚያ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁ ይታዩኛል። ሁለቱ በአንድ ላይ ይመጡብኛል፤ አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ብቻ ለማስታወስ ሞክሬ አልሆነልኝም።