የሻምበል ማንም ክራባት

ባለፈው ሳምንት የካዛንቺሱ ቤታችን ከመፍረሱ በፊት ዕቃ ስናወጣ የእናቴን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩና ከናፍታሌኑ ጋር ሌላ ሽታ መጣብኝ፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያርፍ የሚነሳው፣ ትንሽ ለብለብ፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና የሚል ሽታ። ከላይ የተቀመጠው የአባቴ ክራባት ነበር፤ ቡናማ፣ ጫፉ መነጽር ሲጠረግበት ኖሮ የነጣ። ከስሩ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ የካላንደር ወረቀት ነበር፣ ግን እሱን ለመግለጥ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ክራባቱን ይዤ ሳጥኑ አጠገብ እንደተቀመጥኩ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

ያኔ ግቢያችን ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ቤት እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴት ከአንድ ልጃቸው ጋር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ልጃቸው በረከት እኩያዬ ነው፣ የምንማረውም አንድ ክፍል ነው፤ ሂሳብ እኔ አስኮርጀዋለሁ፣ ስዕል እሱ የእኔንም ይሰራልኛል። ሲስል ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ይነክሳታል፣ ስዕሉ ከባድ በሆነ ቁጥር ምላሱም ትረዝማለች፣ ስለዚህ ፈረስ እየሳለ ይሁን ድስት ከሩቅ አይቼ አውቅ ነበር።

በአንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከቤት መውጣት አቅቶን፣ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር የስዕል ታሪክ ጀመርን። እሱ ይስላል፣ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ክብ ባዶውን ይተውልኛል፣ እኔ ንግግሩን እሞላለሁ። አንድ ጀግና መርማሪ ነበረን፤ ስሙን እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የወደደው ክፉውን ነበር። ሻምበል ማንም እንለዋለን። ሻምበል ማንም የፈለገውን ሰው መምሰል ይችላል፤ ዛሬ ፖስተኛ፣ ነገ የታክሲ ረዳት፣ ከነገ ወዲያ የቀበሌ ዘበኛ፣ አንድ ጊዜማ ሽንኩርት ሻጭ ሆኖ ግማሽ ካዛንቺስን ዘርፏል። የራሱን ፊት አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን መያዣ ከሌለው ታሪኩ አያልቅምና አንድ ድክመት ሰጠሁት፤ ምንም ቢለብስ ከክራባቱ መለየት አይሆንለትም፣ መነጽሩንም በክራባቱ ጫፍ ካልጠረገ አያይም። ይህን ከአባቴ ነው የወሰድኩት። በማውቀው ዓለም ውስጥ ከዚያ የበለጠ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

በረከት ክራባቱን መደበቅ ቻለበት። መነኩሲት ሲሆን ከቆቡ ስር፣ ከሽንኩርት ሻጯ መቀነት ጎን፣ ከዘበኛው ካፖርት ቀዳዳ የክራባት ጫፍ ብቅ ትላለች፣ የክፍላችን ልጆችም እሷን ፈልጎ ለማግኘት ይጋፋሉ። ደብተሩ ዘይት ጠጥቶ፣ ጠርዙ ተጨማዶ ይመለስልናል። አንዴ የአማርኛ አስተማሪያችን ቀምተውን በሦስተኛው ቀን ሲመልሱልን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘበኛው ነው፣ አይደል?» አሉን።

አባዬ ቤት ውስጥም ያለ ክራባት አይታይም። ሲበላ ክራባት፣ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ክራባት። የቢሮ ሰው ነው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ተረኛ ነው። የሌሎች ልጆች አባቶች በቢጃማ በረንዳ ላይ ተዘርግተው ሲውሉ የእኔ አባት ማለዳ ቁርሱን ቀምሶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ምሳችንን የምንበላው ሲመሽ፣ እሱ ሲመጣ ነው። እማዬ ክራባቱን ትተኩሳለች፣ እኔ ገና ትኩስ እያለ አቀብለዋለሁ፣ ዝቅ ብሎልኝ አንገቱ ላይ አጠልቅለታለሁ። እንዴት እኮራበት እንደነበር!

የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ እኛ ሴቶቹ አደይ ይዘን ካዛንቺስን በየቤቱ እየዘፈንን ዞርን። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው የሳሉትን ስዕል ሊያድሉ ወጡ። በረከት ግን ሰፈሩ በስዕል ስለተጥለቀለቀ፣ የእሱም መላእክት ከሌላው ስለሚበልጡ፣ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ በእግሩ መስቀል ፍላወር ድረስ ወረደ። አብሬው ብሆን ኖሮ በሩን የማንኳኳው እኔ ልሆን እችል ነበር። እሱ ስዕሎቹን ግማሽ እንኳን ሳያድል ተመለሰ። ዳቦ ብሰጠው «አሞኛል» አለኝና ቤት ገባ።

ለሁለት ሳምንት እርሳስ አልነካም። ትምህርት ሲከፈት አንድ ቀን ደብተሩን አመጣልኝ። ሙሉ ገጽ አንድ ስዕል ነበር። ከላይ በዚያ በተወላገደ ጽሕፈቱ «የሻምበል ማንም እውነተኛ ፊት» ይላል። አንድ ሰማያዊ የብረት በር ተከፍቶ፣ ቢጃማ የለበሰ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው በአንድ ክንዱ ሕፃን ልጅ ታቅፎ፣ በሌላ እጁ በቢጃማው ጫፍ መነጽሩን ይጠርጋል። ፊቱ የአባቴ ነበር። ክራባት የለውም። ከአፉ የሚወጣው ክብ እንደ ወትሮው ለእኔ ባዶ ተትቷል።

«አባቴን ነው ወንበዴ ያደረግከው?» አልኩት።

«በኡራኤል አስምሎኛል፣ ሶሲ። አልናገርም ብዬ ምያለሁ። በቃ አልተናገርኩም፣ ሳልኩት ብቻ።»

ማን እንዳስማለው መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ደብተሩን ነጥቄው እያለቀስኩ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ። አባዬ ገጹን ብዙ ጊዜ አየው። መነጽሩን ሊጠርግ ክራባቱን አነሳና መልሶ ለቀቀው። ከዚያ ገጹን ከደብተሩ ገንጥሎ አራት ቦታ ቀደደው። «ባለጌ ልጅ ነው። ሁለተኛ ከእሱ ጋር እንዳላይሽ» አለኝ። አንጀቴ ራሰ።

ማታውን እትዬ ዘውዴን ጠርቶ አነጋገራቸው። በረከት ሲገረፍ ከመስኮታችን ስር ቆሜ ሰማሁ፤ አለቀሰ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ወሩ ሳይሞላ ክፍሏ ለዘመድ ትፈለጋለች ተባለ። ፍራሻቸውን ጋሪ ላይ ሲጭኑ በረከት ወደ እኔ ዞሮ ቆመ፣ እኔ ደግሞ ፊቴን አዞርኩበት። ያየሁት የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው።

አባቴ ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ሞተ። ኡራኤል ቀብረነው በሰልስቱ ግቢያችን በተተከለው ድንኳን ተቀምጠን ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከአንድ ረጅም ወጣት ጋር ገባች። ጎረቤቶቻችን ማን ናችሁ ሳይሏቸው ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ወጣቱ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በክራባቱ ጫፍ ጠረገው። ሰማያዊው በርም፣ ቢጃማውም፣ መሐላውም ያኔ በአንድ ጊዜ መጡብኝ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ቤት መኖሩ ብቻ አይደለም። በረከት የሳለው እውነተኛውን ፊት ነበር፤ እዚያ በቢጃማ ነው፣ ክራባት የሚታሰረው ለእኛ ነው። ተከዳሁ። የከዳኝን ሰው አፈር አልብሼው ስለመጣሁ የምጮህበት እንኳን አልነበረኝም። ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ ኖሯል፤ ሊነግረኝ የሞከረውን አንድ ልጅ ያስገረፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በረከትን አፈላለግኩት። አንዱ ሐዋሳ ነው አለኝ፣ ሌላው ከእናቱ ሞት ወዲህ አላየሁትም አለኝ። ያም ሆኖ ለእማዬ ነበር የማዝነው። እሷም እንደ እኔ ድንኳን ውስጥ ያወቀች መስሎኝ፣ እንዳላሳፍራት ብዬ ወሬውን ይኸው ሃያ ዓመት አላነሳሁባትም።

የካላንደሩን ወረቀት ገለጥኩት። ጀርባው ላይ የበረከት ገጽ አራቱም ቁራጭ ተገጣጥሞ በዱቄት ሙጫ ተለጥፏል፤ አንድ ጥጉን አይጥ በልቶታል እንጂ ፊቱ ደህና ነው። እማዬ ደጅ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሳየኋት።

«መቼ ነው የለጠፍሽው?»

«የዚያኑ ዕለት፣ ቤት ስጠርግ» አለች። «ልጁ እጁ ጥሩ ነበር።»

«ታዲያ ሲገረፍ እንዴት ዝም አልሽ? ሲባረሩስ?»

«አንቺን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ ብዬ ነዋ» አለች፣ የፍራሹን ገመድ እንደገና እያጠበቀች።

አቧራው ላይ ቆሜ ቆጠርኩት፤ ከዚያ ቀን በኋላ አስራ አምስት እንቁጣጣሽ፣ አስራ አምስት ገና፣ አስራ አምስት ፋሲካ። በእያንዳንዱ ማለዳ እማዬ እያወቀች ተኩሳለች፣ እኔ ሳላውቅ አቀብያለሁ። ቤቱ ቢፈርስ ይፍረስ፣ ያ ቤት መጀመሪያውኑ የእኛ ብቻ አልነበረም። ክራባቱን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተውኩት። ገጹን ግን ይዤው መጥቻለሁ፣ አሁንም ከፊቴ ነው። እስክሪብቶ አንስቼ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ በረከት ለእኔ ብሎ የተወው ክብ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።